ሬንደር መሀል የሚጠፋው ራይዘን፦ ሙቀቱን ለብቻ፣ ራሙን ለብቻ

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ልጁ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል፣ ራሱ የገጣጠመው ፒሲ አለው፣ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600ኤክስ፣ ማዘርቦርዱ ቢ450፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም አንዱን አምና አንዱን ዘንድሮ የገዛው፣ ኩለሩ ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን የሚመጣው ትንሹ ነው። ዩቲዩብ አይቶ ፕሮሰሰሩን በሁሉም ኮር 4.6 ጊጋኸርዝ ላይ በ1.4 ቮልት ቆልፎታል፣ 3200 የሚለውን ራም ደግሞ 3600 አድርጎታል። አሁን ሬንደር ሲጀምር፣ ማለት ኤዲት ያደረገውን ቪዲዮ አንድ ፋይል አድርጎ ሲያወጣ፣ ሙቀቱ 95 ዲግሪ ይገባል፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ድርግም ብሎ ሪስታርት ያደርጋል፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። "ጋሼ፣ የውሃ ኩለር ከዱባይ ላስመጣ ወይ?" ነው ጥያቄው።

አታስመጣ ወንድሜ፣ ቢያንስ ገና ነው። አንተ ጋ ያለው አንድ ችግር አይደለም፣ ሁለት ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ምሽት ስላመጣሃቸው የትኛው ምልክት ከየትኛው እንደመጣ አታውቅም። ብርዱም ወባውም አንድ ላይ ይዞህ አንድ ክኒን እንደመዋጥ ነው። የውሃ ኩለሩ መጥቶ ሙቀቱ ወደ 70 ቢወርድልህ እንኳን ራሙ ስህተት እየሰራ ከሆነ ሪስታርቱ አይቀርልህም፣ ያኔ ነው ብር የሚቆጭህ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው መልስ። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብተህ ዲፎልት የሚለውን ጫን፣ መግባት ካልቻልክ ገመዱን ነቅለህ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ አምስት ደቂቃ አውጥተህ መልስ። ከዛ ምንም ሳትነካ አንድ ሰርግ ሬንደር አድርግ። በዲፎልትም ሪስታርት ካደረገ ነገሩ ኦቨርክሎክ፣ ማለት ከፋብሪካው በላይ ማፍጠንህ፣ አይደለም፣ ፓወር ሰፕላይህን ወይ የመብራቱን መውረድና መውጣት ጠርጥር፣ ስታቢላይዘርህ ቀጭ ቀጭ ሲል ማሽኑ የሚጠፋ ከሆነ መልሱን አገኘህ ማለት ነው። በዲፎልት ሌሊቱን ሙሉ ከሰራ ግን እንቀጥል።

ሙቀቱ። እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፣ የትኛውም ፋን ይሁን የትኛውም ውሃ ፕሮሰሰርህን ከክፍሉ አየር በታች አያወርደውም፣ የሚያደርገው ከክፍሉ ሙቀት ጋር ያለውን ልዩነት ማጥበብ ነው። እኔ ሱቅ ጠዋት 20 ዲግሪ ነው፣ አንተ ቤት ቀን 34 ቢሆን እኔ ጋ 75 የሚያሳየው ማሽን አንተ ጋ ምንም ሳይነካ 89 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ዩቲዩብ ላይ ያየኸው ሰውዬ ኤሲ ያለበት ክፍል ቁጭ ብሎ ነው እኮ ቁጥሩን የሚያሳይህ። እኛ አዲስ አበቤዎችም ብንሆን ነጻ አይደለንም፣ ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2350 ሜትር ስለሆነች አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፣ ፋኑ በዛው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ቀላል ነው። ብርዱ ስለሚያካክስልን ነው የማይታወቀን። አንተ ጋ ከፍታው ዝቅ ስለሚል አየሩ ወፈር ይላል፣ ግን ይሞቃል።

ሁለተኛ ያ 1.4 ቮልት። ቮልቴጅ ሲጨምር ሙቀቱ እኩል አይደለም የሚጨምረው፣ በካሬ ነው። ከ1.25 ወደ 1.4 ስትወስደው ክሎኩን (የፕሮሰሰሩን ፍጥነት) አንድ ሳትነካ እንኳን ሩብ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይበላል፣ የበላው ደሞ በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ይሄ ቺፕ ለብቻው ሲተው ራሱን 76 ዋት ላይ ያቆማል፣ አንተ በእጅህ ክሎክ ስትቆልፍበት ግን ያን ልጓም ፈታህለት ማለት ነው፣ በካርቶን የመጣው ኩለር ደሞ ለዛ የተሰራ አይደለም። የሚገርመው ነገር 5600ኤክስ በራሱም ጊዜ አንድ ኮር ላይ እስከ 4.6 ይወጣል። ማለት ቀላል ስራ ላይ ምንም አላተረፍክም፣ ከባድ ስራ ላይ ትንሽ አተረፍክና ምድጃ አደረግከው። በድሮ ፕሮሰሰሮች ክሎክ መቆለፍ ያዋጣ ነበር፣ በዚህኛው አያዋጣም፣ እኔ በበኩሌ ለማንም ደንበኛ አላደርገውም።

አሁን ኩለሩን እንየው። ከመፍታትህ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክር፣ የኬዙን የጎን መዝጊያ አውልቀህ ያንኑ ሬንደር አስነሳ። ሙቀቱ አምስት ስድስት ዲግሪና ከዛ በላይ ከወረደ ኩለሩ ሳይሆን ኬዝህ ነው የታፈነው፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ኬዝ አብዛኛው እንደዛ ነው፣ ያምራል ግን አይተነፍስም። ከፊት አየር የሚያስገባ ከኋላ የሚያስወጣ ፋን አድርግለት፣ ቀስቱን ደሞ እይ፣ ሁለቱም ወደ ውጭ የሚነፉ ሆነው የመጡ ማሽኖች ገጥመውኛል። መዝጊያው ተከፍቶም ያው ከሆነ ችግሩ ኩለሩና ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሀል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጋ ነው።

አቧራውን በብሩሽ አራግፍ፣ በብሎወር የምትነፋ ከሆነ ፋኑን በጣትህ ይዘህ ንፋ፣ ዝም ብለህ ካስፈተለከው ኩሽኔታው ይበላሻል።

ስትፈታ ተጠንቀቅ፣ ይሄን ከራሴ ነው የምነግርህ። ስራ ስጀምር አካባቢ የአንድ ደንበኛ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ያደረ ነው፣ ቀዝቅዟል፣ ፔስቱ እንደ ጭቃ ደርቋል፣ እኔ አራቱን ብሎን ፈትቼ ኩለሩን ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሳብኩት። ፕሮሰሰሩ ከነሶኬቱ መቆለፊያ ሳይላቀቅ ተነቅሎ ከኩለሩ ጋር ተጣብቆ መጣ፣ ባየሁት ሰዓት ደንግጬ ይዤው ወደቀ። እግሮቹ ከስሩ ናቸው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ሰባት የሚሆኑት ተጣመሙ። ደንበኛው አጠገቤ ቆሞ ነው እንግዲህ። ሊድ የሚገባበትን እርሳስ ሊዱን አውጥቼ በጫፉ ቀዳዳ አንድ በአንድ እያስገባሁ ቀና ሳደርግ ሶስት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ላቤ ማዘርቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፎጣ አንገቴ ላይ አድርጌ። ተነሳ ደግነቱ። አንተ እንደዛ አታድርግ፣ መጀመሪያ ማሽኑን አስር ደቂቃ አሰርተህ አሙቀው፣ አጥፋና ገመዱን ንቀል፣ ብሎኖቹን በመስቀል እያፈራረቅህ ጥቂት ጥቂት ፍታ፣ ከዛ ኩለሩን የብልቃጥ ክዳን እንደምትከፍት ግራ ቀኝ እያዞርክ ሲላላ ብቻ አንሳው።

ስታነሳው ስሩን አየው። ስሩ ላይ የምትለጠፈው መሸፈኛ ላስቲክ ሳትላጥ የተገጠመ ኩለር በአይኔ አይቻለሁ፣ አንድ ዓመት ሙሉ የሰራ። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጥረገው፣ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ፐርሰንቱም ይሆናል፣ ውሃ ስላለው ግን ደህና አድርገህ አድርቀው፣ አረቄ እንዳታደርግ ብቻ፣ የሚያደርጉ አሉ። አዲሱን ፔስት መሀል ላይ የአተር ፍሬ ታህል አድርግ፣ ሽምብራ ካከለች በዝታለች። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡም አሉ፣ ለሁለት ቀን ይሰራል ከዛ ይደርቃል። ብሎኑንም ስታስር እንደዛው በመስቀል፣ አንዱን ጥርቅም አድርገህ አስረህ ወደ ሌላው አትሂድ፣ ያዘነብልና አንዱ ጥግ አየር ይቀራል።

ይሄን ሁሉ አድርገህ በዲፎልት ሬንደር ላይ ቀን 85 እና ከዛ በታች ከሆነ ለድሬ ጥሩ ነው። ኩለር መቀየር ካማረህ ባለ 120 ሚሊ ፋን አራት የመዳብ ቧንቧ ያለው ማማ ኩለር ለዚህ ፕሮሰሰር ይተርፈዋል። እነዛ ቧንቧዎች ጠጣር አይደሉም፣ ውስጣቸው ጥቂት ፈሳሽ አለ፣ ታች ይተናል፣ ላይ ቀዝቅዞ ይመለሳል፣ ፓምፕ የለው ምን የለው፣ የሚበላሸው ፋኑ ብቻ ነው እሱም በየትም ሱቅ ይገኛል። የውሃው ፓምፕ የቆመ ቀን ግን ድሬ ላይ ማን ይሰራልሃል? ሰው የሚያመጣልህ ከሆነ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ የኤኤም4 (ያንተ ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት ሶኬት) መግጠሚያ መኖሩን ፎቶ አንስቶ ያሳይህ፣ መግጠሚያው ከሌለ ያመጣልህ ቁራጭ አሉሚኒየም ነው። የኬዝህንም ስፋት በሜትር ለካ፣ ማማው ረጅም ነው።

አሁን ራሙ፣ ትልቁ ጉድ ያለው እዚህ ነው። ባዮሱ በዲፎልት ራሙን 2133 ወይ 2400 ወይ 2666 ላይ ነው የሚያስነሳው፣ 3200 የሚለው ጽሁፍ የሚሰራው ኤክስ ኤም ፒ የሚባለውን፣ ራሙን የተጻፈበት ፍጥነት ላይ የሚያወጣውን የባዮስ ምርጫ፣ ስትከፍት ነው፣ አሱስ ላይ ዲ ኦ ሲ ፒ ይለዋል፣ ኤምኤስአይ ላይ ኤ ኤክስ ኤም ፒ። ሲፒዩ ዚ (የማሽኑን ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ 1600 ሲያሳይህ ተታለልኩ ብለህ ሻጩ ጋ አትሂድ፣ ባንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚልክ እጥፉን ነው የምታነበው።

አንተ ያደረግከው ግን ፍጥነቱን 3600 አድርገህ ታይሚንጉን (ራሙ መልስ እስኪሰጥ የሚቆጥረውን ምት) 16 ላይ መተው ነው። ሂሳቡን እንስራው። 3200 ላይ 16 ምት ማለት 10 ናኖሰከንድ ነው፣ 3600 ላይ 16 ምት 8.9 ናኖሰከንድ ይሆናል። ራሙን ያዘዝከው ፍጠን ብቻ ሳይሆን መልስህንም ቀድመህ አምጣ ነው፣ ቺፑ ደሞ 10 ናኖሰከንድ ነው የተረጋገጠለት። ለ3600 ታይሚንጉን 18 ብታደርገው ያው 10 ናኖሰከንድ ትመለሳለህ፣ የመያዝ እድሉም ይሻላል። ኤፍ ክሎክ የሚለውንም፣ የፕሮሰሰሩን የውስጥ መገናኛ ፍጥነት ማለት ነው፣ የራሙ ግማሽ አድርገው፣ ለ3200 1600፣ ለ3600 1800፣ ከተለያዩ ፍጥነት ጨምረህ ትዘገያለህ። ከዛ በላይ ያለውን ተወው።

ያንተ ግን ሌላም አለው፣ ራሞችህ መንታ አይደሉም። ስቲከሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ውስጡ አንድ ነው ማለት አይደለም፣ ፋብሪካው በየጊዜው የቺፑን ዓይነት ይቀይራል። ሲፒዩ ዚ ውስጥ ኤስ ፒ ዲ የሚለው ጋ ሁለቱንም እያየህ አወዳድር። ከዛ አንዱን ብቻ ከፕሮሰሰሩ ጀምረህ ስትቆጥር ሁለተኛው ስሎት ላይ ሰክተህ ኤክስ ኤም ፒ ክፈትና ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ አስነስተህ አሳድረው፣ ነገ ማታ ሌላኛውን፣ ከዛ ሁለቱን አንድ ላይ ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት ላይ። ራም ላይ ትንሽ ስህተት የሚባል ነገር የለም፣ አንድ ቀይ መስመር ካየህ አልያዘም ነው። ለየብቻ ንጹህ ሆነው አንድ ላይ ከሳቱ ወደ 3000 ወይ 2933 አውርደው፣ ለሬንደር የምታጣው ነገር በጣም ትንሽ ነው፣ ልዩነቱ ጌም ላይ ነው የሚሰማው። ኤክስ ኤም ፒ ራሙን 1.35 ቮልት ላይ ያደርገዋል፣ እዛው ተወው። ኤስኦሲ ቮልቴጅ የሚለውንም (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የራም መቆጣጠሪያ የሚመግበው ነው) አውቶ ላይ ስንት እንዳደረገው እይ፣ 1.1 አካባቢ ከሆነ ጥሩ፣ 1.2 አሳልፎት ካየኸው በእጅህ አውርደው። በፈረንጆቹ 2023 ያኔ አዲስ የነበሩት የራይዘን 7000 ባለ ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች የተቃጠሉት አንዱ ምክንያት ይሄ ቮልቴጅ ነበር፣ በኋላ በባዮስ 1.3 ላይ ገደቡት።

ታይሚንግ ቀይረህ ስታስነሳ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሁለት ሶስቴ በራሱ ሊጠፋ ሊበራ ይችላል፣ ራሙን እየለመደ ነው፣ ቶሎ ገመድ አትንቀል።

ራሙ ከያዘ በኋላ ፍጥነት ካማረህ ባዮስ ላይ ፒ ቢ ኦ (ፕሮሰሰሩ በራሱ የሚፈጥንበትን ልክ የምታስተካክልበት) ውስጥ ግባና ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚለውን ሁሉም ኮር ኔጋቲቭ 10 አድርግ። አንዷ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ትቀንሳለች፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ሲወርድ ፕሮሰሰሩ ራሱ ክሎኩን ከፍ ያደርጋል፣ ያንተ ተቃራኒ ነው በአጭሩ። የሙቀት ጣሪያውንም እዛው 85 አድርግለት። ምርጫው ከሌለህ ባዮስህ አሮጌ ነው፣ ስታድስ ግን ዩፒኤስ ላይ ሰክተህ ብቻ፣ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱን ተሰናበተው። ኔጋቲቩ ሲበዛ የሚወድቀው ሬንደር ላይ አይደለም፣ ስራ ፈትቶ ቁጭ ባለበት ወይ ዩቲዩብ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ኮር ብቻውን ከፍ የሚለው ያኔ ነው። ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶውስ የስህተት መዝገብ ከፍተህ ዊያ ሎገር 18 ካየህ የፕሮሰሰሩ ኮር ነው፣ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልስ። 19 ከተደረደረ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ ክሎክ ነው። ከርነል ፓወር 41 ብቻውን ምንም አይነግርህም፣ ማሽኑ ጠፋ ነው የሚልህ፣ እሱንማ አንተም አይተሃል።

እስከዛው ቀን የተቆረጠለት ሰርግ እጅህ ላይ ካለ ሁሉንም ዲፎልት አድርገህ፣ የኬዙን ጎን ከፍተህ፣ የቤቱን ቬንትሌተር ፊቱ አቁመህ ማታ ሲበርድ ሬንደር ልቀቀው።