ቀኑ የማን ነው?

በየማለዳው «ዛሬ ማን ይታሰባል?» እያልኩ አንዲት አጭር ማስታወሻ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ የአንባቢዎች ደብዳቤ በርክቷል። ከተጠራቀሙት ጥቂቶቹን ልመልስ።

«ደራሲው በዓሉ ግርማ የጠፋው ፌብሩዋሪ 14 ነው ይባላል። ግድግዳዬ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ይህን የካቲት 7 ያደርገዋል፤ አንተ ግን የካቲት 6 ብለህ ጻፍክ። ማን ተሳሳተ?»

ማንም አልተሳሳተም፤ ጣጣው የጳጉሜን ነው። 1975 በየአራት ዓመቱ የሚመጣው ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች፤ የ1976 እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ዋለ። ያቺ የአንድ ቀን ፈቀቅታ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ስለምትዘልቅ፣ የዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 14 የካቲት 6 ነበር። ፈረንጆቹም ከዚህ አላመለጡም። ሼክስፒርና ሰርቫንቴስ ሁለቱም ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ሞቱ እየተባለ ቀኑ የዓለም የመጽሐፍ ቀን ሆኗል፤ ነገር ግን እንግሊዝና ስፔን ያኔ የሚቆጥሩት በተለያየ አቆጣጠር ስለነበር በሁለቱ ቀኖች መካከል 10 ቀን አለ። እኔ ሰውን በኖረበት አቆጣጠር ማሰብ ይሻላል ባይ ነኝ። በበዓሉ ግርማ ቀን ላይ ደግሞ ጥብቅ ነኝ፤ መቃብሩ ለማይታወቅ ሰው ቀኑን እንኳ ማዛነፍ ይከብደኛል።

«ጡረታ ወጥቻለሁ። ልብ ወለድ ለመጀመር አልረፈደብኝም?»

ሀዲስ ዓለማየሁ በ1902 ተወለዱ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታተመ። ሂሳቡን ይሥሩት። እስከዚያ ዘምተዋል፣ ተማርከው ጣልያን አገር ታስረዋል፣ አምባሳደር ሆነዋል። ይሁንና ጌታዬ፣ ዕድሜ ብቻውን ብዕር አይጨብጥም። የላኩልኝ ደብዳቤ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ መጻፍ ያወራል፤ በዚያ ወረቀት አንድ ምዕራፍ ይጋመስ ነበር።

«አያቴ በአገራችን ስመ ጥር ሙሾ አውራጅ ነበሩ። የተወለዱበትን ቀን የሚያውቅ የለም። መቼ ላስባቸው?» (ተማሪ ነኝ ያለች አንባቢ)

ልጄ፣ የልደት ሻማ ለእኛ የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። የምንቆጥረው አርባውን፣ ሙት ዓመቱን፣ ሰባት ዓመቱን ነው። ልደታቸውን ብትጠይቂም «በሚካኤል ማግስት፣ ጤፍ ሲታጨድ» ትባያለሽ፤ ለሚጽፍ ሰው ይህ ከቁጥር ይበልጣል። ስለዚህ ሙት ዓመታቸውን ያዢ። በዚያ ቀን አብረዋቸው ለቅሶ ይውሉ የነበሩትን እናቶች ሰብስበሽ፣ ቡና አፍልተሽ፣ ስንኞቹን አስወርጃቸው። አንዷ ስትጀምር ሌላዋ «እንዲህ አይደለም» ማለቷ አይቀርም፤ ሁለቱንም ጻፊ፣ አታስታርቂያቸው። ለማን እንደተወረደ፣ ሟች ምን ሠርቶ እንደኖረ፣ ከለቅሶተኛው ማን እንደተቆጣ ጠይቂ። ሙሾ ባለቤቱ ከጠፋ ግማሹ ይሞታል። ቃሉንም «ላሳምረው» ብለሽ እንዳትነኪው!

«የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ዕድሜው ስንት ነው?»

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ ሮም ውስጥ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ለሂሳብ የሚመች ዓመት አይገኝም። መቶኛ ዓመቱ ሚሊኒየሙን ስናከብር ዋለ።

«የማንም መታሰቢያ ባልሆነ ቀንስ ምን ትጽፋለህ?»

እንዲህ ያለ ቀን የት አለ? ወሩ 30 ቀን ነው፣ ሠላሳውም ባለቤት አለው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም። ከደራሲዎቹ ወገን ሰው ሲጠፋብኝ ጎረቤት ጠበል ጠዲቅ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ካነበባችሁት ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው።