ሰሙ የእነሱ፣ ወርቁ የማን?

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ፣ በትርጉሙ ከሰው ጋር የተከራከራችሁበት የኢንዲ ሮክ ዘፈን ካለ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ኢንዲ ሮክ የምለው ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ፣ በትናንሽ አሳታሚዎች ወይም በራሳቸው ገንዘብ ሥራ የጀመሩ ባንዶችን ሙዚቃ ነው። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዳኝነት ይጠይቃሉ። ዳኛ መሆን አልወድም፤ በአንዱ ላይ ግን መዶሻዬን ማንሳቴ አልቀረም።

«ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ የአር ኢ ኤምን «ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን» የምሰማው እምነቱን ስላጣ ሰው የተዘፈነ ነው ብዬ ነው። እናቴ የእንግሊዝኛ መምህርት ስለሆነች ርዕሱን እንደሰማች ቤት ውስጥ እንዳይከፈት ከለከለች። እኔም ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቄ ሰማሁት። በዚያው ዓመት በእርግጥም ከቤተ ክርስቲያን ርቄ ነበርና ዘፈኑ የእኔ ነበር። አሁን አንድ የሥራ ባልደረባዬ የፍቅር ዘፈን ነው ይለኛል። ይህን ሁሉ ዓመት ተሳስቻለሁ ማለት ነው?» አንባቢ፣ ከአዳማ

ስለ ሐረጉ ባልደረባዎ ልክ ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች «ሃይማኖቴን አጣሁ» የሚል ሰው ትዕግሥቴ ተሟጠጠ፣ ጨዋነቴ ሊያልቅ ነው ማለቱ ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው እዚያው ደቡብ፣ በጆርጂያ ግዛት በአቴንስ ከተማ ነው። ድምፃዊው ማይክል ስታይፕም ዘፈኑ ምላሽ ስላላገኘ ፍቅር እንደሆነ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ከመጠን በላይ ተናገርኩ ወይስ ገና ምንም አልተናገርኩም እያለ ራሱን የሚበላ ሰው ነው የሚያንጎራጉረው። አንድ አሜሪካዊ «አንጀቴን በላችው» የሚለውን አባባላችንን መዝገበ ቃላት ይዞ ቢተረጉም ምን ዓይነት ሴት እንደሚታየው ያስቡት።

ለእናትዎ ግን ጥብቅና ልቁምላቸው። ታርሴም ሲንግ ያዘጋጀው የ1991 ቪዲዮ ክንፍ ባለው ሽማግሌና በፍላጻ በተወጋ ቅዱስ ምስል የተሞላ ነው፤ የጣሊያናዊውን ሠዓሊ የካራቫጆን ሥዕሎች ያስታውሳል። ስንኞቹ ውስጥም ኑዛዜ የሚል ቃል አለ። ርዕሱን አንብቦ፣ ምስሉን አይቶ፣ ኑዛዜን ሰምቶ ሃይማኖት ነው ያለ ሰው ከሜዳ ተነስቶ አልፈጠረም። ቅኔ ለቀመሰ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንም፤ ወርቁ ከሰሙ እስከወጣ ድረስ ባለቅኔው ያላሰበው ቢሆንም ወርቅ ነው። የእርስዎ ወጥቷል። ስለ ስታይፕ ተሳስተዋል። ስለ አሥራ ስድስት ዓመትዎ ግን ስታይፕ የሚያውቀው ነገር የለም።

በነገራችን ላይ፣ ዘፈኑ የተወለደው ጊታር ተጫዋቹ ፒተር በክ ማንዶሊን ገዝቶ፣ ቴሌቪዥን እያየ ሲለማመድ ነው። ከለማጅ ጣት የወጣ ዜማ በ1992 ሁለት የግራሚ ሽልማት አስገኘ። እኔን ያ ማንዶሊን ሁልጊዜ ክራር ያስታውሰኛል፤ ከጥያቄዎ ጋር የሚያገናኘው ነገር ባይኖርም።

«የፎስተር ዘ ፒፕልን «ፓምፕት አፕ ኪክስ» መኪና ውስጥ ሳልከፍተው የዋልኩበት ቀን አልነበረም። ፉጨቱ ደስ ይለኛል። ለእኔ አዲስ ጫማ አድርገው ስለሚሯሯጡ ልጆች የተዘፈነ ነበር። በቀደም ልጄ «እማዬ፣ እባክሽ ይህን አትክፈቺ» አለችኝ። እኔ በዚህ ዘፈን የማየው ደስታ ነው፤ ሁሉም የራሱን ትርጉም መያዝ አይችልም?» እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መዶሻው እዚህ ላይ ነው። ይችላሉ፤ ይህ ግን አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ይህ የሎስ አንጀለስ ባንድ ዘፈን የሚያወራው መሣሪያ አግኝቶ እኩዮቹን ለመግደል ስለሚያልም ብቸኛ ልጅ ነው። ውድ ጫማ ያደረጉት ልጆች የሚሯሯጡት ከእሱ ለማምለጥ ነው። ዘፈኑን የጻፈው ማርክ ፎስተር እንዲህ ያለ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ለመግባት እንደሞከረ ተናግሯል። በዲሴምበር 2012 በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ሕፃናት ከተገደሉ በኋላ ዘፈኑን ከማሰማት የተቆጠቡ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ነበሩ።

እርስዎ የሰሙት ሰሙን ብቻ ነው። ፉጨቱና የሚያስጨፍረው ምት ሆን ተብሎ የተደረበ ሰም ነው፤ አድማጩ እየተወዛወዘ መርዙን እንዲውጥ። ስለዚህ መታለልዎ አያስወቅስዎትም፤ ዘፈኑ የተሠራው እንዲያታልል ነው። ከሰሙ በታች ያለውን ካወቁ በኋላ ግን «ለእኔ ደስታ ነው» ማለት ትርጉም መያዝ ሳይሆን ጆሮ መድፈን ይሆናል። ልጅዎ የምትማረው ተኩስ ቢከፈት የት እንደሚደበቁ ልጆች በሚለማመዱበት አገር ነው። ይዝጉላት።

«ወንድሜ የአእምሮ ሕመም ከያዘው ወዲህ የፒክሲስን «ዌር ኢዝ ማይ ማይንድ» ስሰማ እንባዬ ይመጣል። የእሱ ድምፅ ይመስለኛል። ጓደኞቼ ግን ዘፈኑ ስለ ዓሣ ነው እያሉ ይስቁብኛል። እውነት ነው?» አንባቢ፣ ከሐዋሳ

አዎ፣ ዓሣ አለበት። ጸሐፊው ብላክ ፍራንሲስ ሐሳቡ የመጣለት በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ አንዲት ትንሽ ዓሣ እየተከተለች ስላሳደደችው እንደሆነ ተናግሯል። ዘፈኑ የወጣው በ1988 «ሰርፈር ሮዛ» በተባለው አልበም፣ ፎር ኤ ዲ በተባለ የብሪታንያ ነፃ አሳታሚ በኩል ነው። በ1999 ግን «ፋይት ክለብ» የተሰኘው ፊልም መዝጊያ ላይ፣ ሕንጻዎች ሲፈራርሱ ተሰማ። የፊልሙ ባለታሪክ አእምሮው ለሁለት የተከፈለ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አድማጭ ዓሣዋን ረስቶ እብደትን ይሰማል፤ እርስዎም ብቻዎን አይደሉም።

ደግሞስ ርዕሱ የሚጠይቀው «አእምሮዬ የት አለ?» ብሎ አይደለም? ግጥሙ ጭንቅላት ስለመፍረስ አያወራም? ለጓደኞችዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ ዓሣዋ ዘፈኑ የተነሳበት ቦታ ናት፤ የት እንደሚደርስ የምትወስነው ግን እሷ አይደለችም። ከዚያ በኋላም ከሳቁ ጓደኛ ይቀይሩ። ለወንድምዎ ምሕረቱን ያውርድለት።

«ደራሲው በሕይወት እያለ ይህ ሁሉ ክርክር ለምን? ጠይቀነው አንገላገልም?» ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ጠይቀው። ደራሲ ግን ይረሳል፣ ይቀልዳል፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ይሸሻል። ቃሉን እንደ ምስክር ቃል ያዘው፤ ምስክር ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ አለበት።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ግማሹን ቃል ሳልሰማ «ይህ ዘፈን ለእኔ እንዲህ ማለት ነው» ማለት አያሳፍርም?» አንባቢ፣ ከደሴ

የሚያሳፍር ከሆነ አሜሪካውያኑ ቀድመው ይፈሩ። ከላይ ያነሳሁት አር ኢ ኤም በ1983 የመጀመሪያ ሙሉ አልበሙን ሲያወጣ ስታይፕ ቃላቱን በአፉ ውስጥ እያላመጠ ስለሚዘፍን፣ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ምን እንዳለ ይከራከሩ ነበር። የአልበሙ ርዕስም «ማጉረምረም» እንደማለት ነው። እኛስ ብንሆን? የሕንድ ፊልም ዘፈን አንድ ቃል ሳይገባን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የዘፈንን፣ ያለቀስንም ሕዝብ ነን። እኔ ከአልቃሾቹ አንዱ ነኝ፤ ለምን እንዳለቀስኩ ዛሬም አልተረጎምኩትም።

ይህን ነገር እስከ ጫፉ የወሰዱት የአይስላንዶቹ ሲጉር ሮስ ናቸው። በ2002 ያወጡት አልበም ርዕሱ ሁለት ቅንፎች ብቻ ነው፤ በመካከላቸው ባዶ። ስምንቱም ዘፈኖች ሲወጡ ርዕስ አልነበራቸውም። ድምፃዊው የሚዘፍነው በየትኛውም አገር ቋንቋ ሳይሆን ፍቺ በሌላቸው ድምፆች ነው። ከሲዲው ጋር የሚመጣው ትንሽ መጽሔትም ገጾቹ ባዶ ናቸው፤ አድማጩ የሰማውን ራሱ እንዲጽፍባቸው ወይም እንዲሥልባቸው። ከዚህ ይጀምሩ፤ እንግሊዝኛ የሚችለውም የማይችለውም እኩል ነው።

የእኔ ቅጂ ከአሮጌ ሲዲ ሻጭ የገዛሁት ነው። የቀድሞው ባለቤት ከባዶ ገጾቹ በአንዱ ላይ በእርሳስ የጻፈው የገበያ ዝርዝር ነው፦ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሻማ። ሦስተኛውን ዘፈን በሰማሁ ቁጥር ሻማው መብራት ስለጠፋ ነው ወይስ ለልደት እያልኩ አስባለሁ።