ለልጅዎ ብሬስ ወይስ አላይነር?

ለ15 ዓመቱ ልጅዎ ጥርስ ማስተካከያ ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ ላይ ተለጥፎ የሚቆይ ሽቦ፣ ወይስ አላይነር፣ ማለትም ጥርስ ላይ የሚጠለቅና የሚወልቅ ግልጽ ፕላስቲክ፣ እንደሚሻል ጠይቀውኛል። ልጅዎ ከክራንቻው ቀጥሎ ያሉት ሁለት ጥርሶች ተነቅለው ክፍተቱ መዘጋት ካለበትና ክራንቻውም ከዞረ፣ ቋሚውን ብሬስ ይምረጡለት። አላይነሩ የሚሠራው በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ጥርስ ላይ ሲውል ብቻ ነው፤ ለምግብ ባወለቀው ቁጥር መልሶ የማድረጉ ኃላፊነት የልጁ ነው፣ ትምህርት ቤት ደግሞ የሚከታተለው የለም። ከዚህም በላይ የዞረ ክራንቻን መመለስና የተነቀለውን ቦታ፣ ጥርሶቹ ሳይጋደሙ ከነሥራቸው አቀራርቦ መዝጋት፣ በሽቦ በተሻለ ቁጥጥር ይከናወናል። ጥርሱ በጥቂቱ የተጨናነቀ አዋቂ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላሳስብዎ። አሁን አዳማ ብትኖሩም ልጁ ወንጂ እንዳደገና ጥርሱ ቡናማ እንደሆነ ጽፈዋል። ወንጂ በምትገኝበት በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ በብዛት በሚገኘው፣ ጥርስን ቡናማ ሊያደርግ በሚችለው ፍሎራይድ በተባለ ማዕድን ክፉኛ የተጎዳ ኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ብሬሱ የሚለጠፍበትን ማጣበቂያ እንደ ጤናማ ጥርስ አጥብቆ አይይዝም። የእህቴ ልጅ ብሬስ በዚሁ ምክንያት ደጋግሞ እየተላቀቀ ሕክምናዋ ተጓቶ ነበር። አላይነርም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ጥርስ ላይ የሚጣበቁ ትንንሽ መያዣዎች ስለሚፈልግ ከዚህ ችግር አያመልጥም።

ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ሐኪሙን ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦

1. የተጎዳውን ሽፋን ከማጣበቁ በፊት እንዴት ያዘጋጀዋል?
2. የተላቀቀ ብሬስ መልሶ ሲለጠፍ ተጨማሪ ያስከፍላል?

ቆሎና አጥንት መጋጥም እስከ ሕክምናው ፍጻሜ ይቅርበት።