የዳሌ ስብራትና የነርቭ ማደንዘዣ፦ የመጣላችሁን ጠይቁ

የሰመመን ባለሙያ ነኝ። ዳሌያቸው ለተሰበረ አረጋውያን ብሽሽት አካባቢ ስለሚሰጠው የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ የገባኝን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 82 ዓመቷ ነው። ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። መርፌው ምን ያደርግላታል?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ። ከዳሌያቸው ሕመሙን ወደ አንጎል የሚያደርሱ ነርቮች አሉ። በአልትራሳውንድ እያየን እነሱ በሚያልፉበት ቦታ ማደንዘዣ እንወጋለን። 30 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ሕመሙ ቀለል ይላል። ዝም ብለው ሲተኙ ደህና ይመስላሉ፤ ጉዱ የሚወጣው አንሶላ ሲቀየር ወይም ለራጅ ሲገለበጡ ነው። መርፌው በደንብ የሚያግዘውም እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሞርፊን እያለ ይሄ ሁሉ ለምን?

መልስ፦ ሞርፊን ክፉ መድኃኒት አይደለም። ግን የአረጋዊ ኩላሊት ቶሎ አያስወጣውም። ያስመልሳል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲበዛ ትንፋሽ ያዘገያል፣ ያቃዣል። ችግሩ፣ ያልታከመ ሕመምም ያቃዣል። «እንዳያቃዣቸው» ተብሎ ያለማስታገሻ የሚተዉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። መርፌው የሞርፊኑን መጠን ይቀንሳል፤ የመቃዠቱን ዕድልም እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። ፓራሲታሞሉ አይቋረጥም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ለጨጓራና ለኩላሊት ስለሚያሰጉ በራሳችሁ አትስጡ።

ጥያቄ፦ አባቴ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ይከለከላል?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ብሽሽት ላይ ደም ቢፈስ ተጭኖ ማቆም ይቻላል። ለቀዶ ጥገና ጀርባ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ደም ቢፈስ ተጭኖ ማቆም አይቻልም። የመድኃኒቱን ስምና መጨረሻ የዋጡበትን ሰዓት ለሐኪሙ ንገሩ።

ጥያቄ፦ ሽባ አያደርግም?

መልስ፦ ዘላቂ የነርቭ ጉዳት በጣም ብርቅ ነው። ጭናቸው ግን ለሰዓታት ሊዝል ይችላል፤ ብቻቸውን እንዳይነሱ። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ በስህተት ደም ሥር ውስጥ መግባቱ ነው። ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል። ከባሰ ያንቀጠቅጣል፣ ልብንም ያቆማል። ለዚህ ነው መጠኑ በክብደት የሚሰላው፣ ማርከሻው፣ በደም ሥር የሚሰጠው የ20 በመቶ ቅባት ፈሳሽም አጠገብ የሚቀመጠው።

ጥያቄ፦ አያቴ የመርሳት ችግር አለባት። «አመመኝ» አትልም።

መልስ፦ እንዲያውም እንዲህ ያሉት ናቸው የሚረሱት! ፊታቸውን ያኮሳትራሉ? ሲነኳቸው እጅ ይመታሉ? እህል እምቢ ይላሉ? ያ ነው የእሳቸው «አመመኝ»። ይህን ስታዩ ንገሩን።

ጥያቄ፦ ለቀዶ ጥገናው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የጀርባ ወይም ሙሉ ሰመመን ያስፈልጋል። ለጀርባው መርፌ ቁጭ ሲያደርጓቸው ግን ጩኸቱን ያስቀራል።

ጥያቄ፦ ሕመሙ ከጠፋ ቀዶ ጥገናው ትንሽ ቢቆይስ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! አንዱ መርፌ እንደ መድኃኒቱ ከ8 እስከ 16 ሰዓት ገደማ ነው የሚቆየው። አጥንቱ እንደተሰበረ ነው። መተኛት ሲረዝም የሳንባ ምች፣ የእግር ደም መርጋትና የጀርባ ቁስል ይከተላሉ። በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ እንዲሠራ ወትውቱ።