«ካሜራ ፊት የተናገርኩትን አውጪልኝ» አሉኝ

ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? የመመረቂያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አምስት ሆነን ስለ አዲስ አበባ ሲኒማ ዘጋቢ ፊልም እየሠራን ነው። ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ይለው ከነበረው ከጥንቱ ሲኒማ ቤት ተነሥተን፣ በ1957 ዓ.ም. የወጣውን «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን አልፈን፣ ዛሬ በዩቲዩብ እስከሚለቀቁት ፊልሞች ድረስ ያለውን ታሪክ በአርባ ደቂቃ ለማሳየት ነው ያቀድነው። ቅንብሩ የእኔ ድርሻ ነው።

ከቀረጽናቸው ሰዎች ሁሉ ልባችንን የወሰዱት አንድ ጡረታ የወጡ ፊልም አጫዋች ናቸው። ቤታቸው ተቀብለው እንደ ልጆቻቸው አስተናገዱን። ታዲያ ጨዋታው ሲደራ፣ ይሠሩበት በነበረው ሲኒማ ቤት አንድ የሥራ ኃላፊ ከትኬት ገንዘብ ይወስድ እንደነበር ስሙን ጠርተው ተናገሩ። ሰውየው ዛሬም በሕይወት አለ። በማግስቱ ጋሼ ስልክ ደወሉልኝና «ልጄ፣ ያቺን ነገር አውጪልኝ፤ ከቤተሰቡ ጋር የአንድ ዕድር ሰዎች ነን» አሉኝ።

ጓደኞቼ ግን አሻፈረኝ ብለዋል። «እየተቀረጹ መሆኑን ያውቁ ነበር፣ የፈቃድ ወረቀትም ፈርመዋል፤ ሲኒማውን የገደሉት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ከፊልማችን ምርጡ ቦታም ይኸው ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ያንን ክፍል በከፈትኩት ቁጥር እጄ አልታዘዝ ይለኛል። በዚህ ላይ አንድ ፕሮዲዩሰር የፊልሞቹን ቅንጫቢ እንድንጠቀም የሚፈቅደው፣ ሥራችንን አስቀድሞ አይቶ ያልወደደውን ካስወጣ ብቻ ነው። የማስረከቢያው ቀን ቀርቧል። ምን ይመክሩኛል?

አቀናባሪዋ፣ ከአዲስ አበባ

*

ልጄ፣ ያንን ክፍል ከፊልሙ አውጪው።

የተፈረመው ወረቀት እናንተን ከከሳሽ ያድናችሁ ይሆናል፤ ሽማግሌውን ግን በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ከሚገጥማቸው ፊት መንሣት አያድናቸውም። እናንተ ተመርቃችሁ ትበተናላችሁ፣ እሳቸው እዚያው ሰፈር ይኖራሉ። ደግሞስ የተከሰሰውን ሰው ጠይቃችሁታል? ከሌላ የሥራ ባልደረባ አጣርታችኋል? የሒሳብ ሰነድ አይታችኋል? በደብዳቤሽ አንዱም የለም። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ሳይሆን ሞቅ ባለ ጨዋታ መካከል የወጣ ሐሜት ነው። የትኬት ገንዘብ አያያዝ እውነተኛ ጉዳይ ነው ብላችሁ ካመናችሁ፣ ፊልማቸውን ያሳዩ ባለሙያዎችን ጠይቁ፤ ትኬት እንዴት እንደሚቆጠር፣ ገቢው ከአዳራሹ ጋር እንዴት እንደሚከፈል በራሳቸው ስም የሚነግሯችሁ አታጡም።

ጓደኞችሽ ያንን ቦታ ለምን የሙጥኝ እንዳሉት ይገባኛል። ፊልማችሁ «ሲኒማው ለምን ተዳከመ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ ግን አላገኘም፤ አንድ ሌባ ደግሞ ምቹ መልስ ነው። ነገሩ ግን በአንድ ሰው ኪስ አያልቅም። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን በኋላ ሲፈርስ፣ ባለሙያው በሴሉሎይድ፣ ማለትም በጥቅል ፊልም የሚሠራበትን ድጋፍ አጣ። በ1990ዎቹ የቪዲዮ ካሜራ ሲረክስ ግን ከቤተሰብም ከወዳጅም ተበድሮ ፊልም መሥራት ተቻለ፤ ሕዝቡም በአማርኛ የሚያወሩ ሰዎችን በትልቅ ሸራ ለማየት ተሰለፈ። እንደ ዓለም ሲኒማና ሴባስቶፖል ያሉ የግል አዳራሾች ተከፈቱ። ከዚያ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተቀዱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ይዞ ሳሎናችን ገባ፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አዳራሾቹን ዘጋ፣ ተመልካቹም ስልኩን አነሣ። ከእነዚህ በየትኛው ላይ ጋሼ የጠሩት ሰው እጁ አለበት?

እኔ ብሆን ግን ይህንንም ሁሉ አልተርክም። አርባ ደቂቃ ከሰይጣን ቤት እስከ ዩቲዩብ ለመሮጥ አይበቃም፤ ከሮጣችሁም የሚወጣው በስዕል የታጀበ የታሪክ ደብተር ነው፣ እሱን ደግሞ መምህራን በየዓመቱ ሲያዩት ሰልችቷቸዋል። በጃችሁ ያለውን አስቢው፦ በማሽን ክፍል ውስጥ ያረጀ ሰው አግኝታችሁ የጠየቃችሁት ስለ ሌባ ነው!

የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በአንድ ጥቅል አይመጣም፤ ተከፋፍሎ ነው፣ ትልቁ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ያህል ቢሄድ ነው። ስለዚህ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ይቆማል። የመጀመሪያው ጥቅል ሊያልቅ ሲል በሸራው የቀኝ የላይኛ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች፤ አጫዋቹ ሁለተኛውን ማሽን ያስነሣል። ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ሌላ ምልክት ስትመጣ ብርሃኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞራል። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያቺን ክብ ሳያያት ያልፋል። እሱ ከዘገየ ግን ሸራው ይነጣል፣ ፉጨቱ ይቀልጣል፣ ስድቡም ወደ ላይ ይወረወራል። ጋሼ ይህንን ማታ ማታ፣ ዓመት ከዓመት ሲሠሩ ኖረው ይሆናል። እጃቸውን ቅረጹት። የተቆረጠ ፊልም እንዴት ይቀጥሉ እንደነበር ጠይቋቸው። ተመልካቹ ሲስቅ ከላይ ምን ይሰማቸው እንደነበር፣ አንዱን ፊልም ደጋግመው ሲያጫውቱ የትኛውን ቦታ ላለማየት ፊታቸውን ያዞሩ እንደነበር ጠይቋቸው። የትናንትናውን ሲኒማ ከዛሬው ስልክ ጋር ማነጻጸሩ እዚያው መሐል በራሱ ይመጣል፤ ተራኪ ድምፅ እንኳ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ጓደኞችሽ አሁንም ከተከራከሩሽ አትጣያቸው። «እንግዲያው አብረን እንሂድና ፊት ለፊታቸው ተቀምጠን ‹አናወጣውም› እንበላቸው» በያቸው። ከመካከላቸው ቀድሞ አፉን የሚከፍተውን ለማየት እኔም እጓጓለሁ።

ወደ ፕሮዲዩሰሩ ልምጣ። መቀሱን አትስጡት። ስለ እሱ ሥራ የተጠቀሰ ዓመት፣ ስም ወይም ቁጥር ካለ እንዲያርም መጋበዝ ተገቢ ነው፤ አስተያየቱን ከፈለገም ቀርጻችሁ አስገቡለት። ከዚያ በላይ ከሄደ ግን ፊልሙ የእናንተ መሆኑ ቀርቶ የእሱ ማስታወቂያ ይሆናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ ላይ በተገቢው መንገድና ለዓላማው ከሚያስፈልገው ሳያልፉ ምንጭን ጠቅሶ መጥቀስን ይፈቅዳል። ይህ ማለት ግን ማጀቢያ ይሁነን ብሎ ሦስት ደቂቃ ቆርጦ መለጠፍ አይደለም፤ ስለዚያ ትዕይንት የምትሉት ነገር ሲኖር አጭር ቅንጫቢ ማሳየት ነው። ከማስረከባችሁ በፊት ሕግ የሚያስተምር መምህር ፈልጋችሁ የቀነጨባችሁትን አሳዩት፤ ግቢያችሁ ውስጥ አይጠፋም።

ከዚያ በፊት ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉና የምትፈልጉትን ቅንጫቢ ከነደቂቃው ዘርዝራችሁ ለሌሎች ፕሮዲዩሰሮች አድርሱ። «ፊልሞችህን ስጠን» ሲባል የሚፈራ ሰው፣ «ከዚህ ፊልም ይህችን አርባ ሰከንድ» ሲባል ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። እሺ ካለም በጽሑፍ ተቀበሉት፤ በስልክ የተሰጠ ፈቃድ በምረቃው ሰሞን ይረሳል።