ሁለተኛ ማርሽ ላይ የምትጮኸው ሚያታ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለሥራ የምነዳው ካምሪ አለኝ፤ ለቅዳሜና እሁድ ግን ጣሪያዋ የሚከፈት ማዝዳ ሚያታ አምሮኛል። የ2016 ሞዴል፣ 62 ሺህ ማይል የሄደች፣ ማንዋል አግኝቻለሁ። ጠዋት ስሞክራት ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሳስገባ «ክርርር» ትላለች፤ ሌሎቹ ማርሾች ደህና ናቸው። ሻጩ «ብርዱ ነው፣ ስትሞቅ ይተዋታል፤ የካምቢዮ ዘይቷንም በቅርቡ ቀይሬያለሁ» አለኝ። ጓደኞቼ ደግሞ አዲስ በሊዝ (በረጅም ጊዜ ኪራይ) ውሰድ ይሉኛል። በዓመት ከ4 ሺህ ማይል በላይ አልነዳትም። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሊዙን ለጊዜው እናቆየው። ጆሮዬ የቆመው «የካምቢዮ ዘይቷን በቅርቡ ቀይሬያለሁ» የሚለው ላይ ነው። መኪና የሚሸጥ ሰው የሞተር ዘይት ይቀይራል። የካምቢዮ ዘይት ትዝ የሚለው ግን ድምፁን የሰማ ሰው ብቻ ነው። የሁለተኛ ማርሽ ሲንክሮ አልቋል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሲንክሮ ምን መሰለህ? ካምቢዮ ውስጥ የማርሾቹ ጥርስ ሁልጊዜም እንደተያያዘ ነው። አንተ መቀየሪያውን ስትገፋ የምታደርገው በነፃ የሚሽከረከረውን ማርሽ ከዘንጉ ጋር መቆለፍ ነው። ችግሩ ሁለቱ እኩል አይዞሩም። በዚህች መኪና ከአንደኛ በ6 ሺህ ዙር ላይ ወደ ሁለተኛ ስትሄድ ዙሩ ወደ 3 ሺህ 500 ገደማ መውረድ አለበት። ሲንክሮ የምትባለው መሀል ላይ ያለች የነሐስ ቀለበት ማርሹን እያሸች እንደ ትንሽ ፍሬን ታዘገየዋለች፤ እኩል እስኪሆኑ ድረስም መንገዱን ዘግታ ትይዛለች። ልጅ ሆነን ገመድ ስንዘል ምቱን ጠብቀን አልነበር የምንገባው? ሳይጠብቅ የገባውን ገመዱ እግሩን ይገርፈዋል። ቀለበቷ ስታልቅ ምት የሚጠብቅልህ የለም፤ «ክርርር» የምትሰማው ግርፊያውን ነው። ብርድ ሲሆን ደግሞ ዘይቱ ስለሚወፍር ቀለበቷ ዘይቱን ጠርጋ ለመያዝ ትቸገራለች። ስለዚህ ሻጩ ግማሽ እውነት ነግሮሃል። ጤነኛ ካምቢዮ ግን በብርድ ከበድ ይላል እንጂ አይጮህም።

የዚህች ሚያታ ሞዴል የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካምቢዮ በሁለተኛ ማርሽ በኩል ደካማ መሆኑ ይታወቃል፤ ፋብሪካውም ውስጡን ደጋግሞ አሻሽሎታል። እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው። ለካምቢዮው የሚፈለገው ጂኤል 4 የሚባለው የዘይት ደረጃ ሆኖ ሳለ በርካሽ የተገኘ የዲፈረንሻል ጂኤል 5 ይሞሉበታል። በጣም ያንሸራትታል፣ የድኝ ቅመሙም የቀለበቷን ነሐስ ይበላል። ባለፈው ክረምት ሌላ ጋራዥ «ሠርቶ» የሰደዳትን መኪና ዘይት ሳወርድ ወርቅ የፈጨሁ ነበር የመሰለኝ።

እንግዲህ ፈትሽ። ሞተሩ እየሠራ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጥ፣ ጥቂት ጠብቅና የኋላ ማርሽ አስገባ። ከጮኸ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮኑ የታችኛው ፓምፕ ነው፣ ቀላል ሥራ ነው። ዝም ካለ ጥፋቱ ካምቢዮው ጋ ነው። ከዚያ በደንብ አሙቃትና በሁለተኛ ማርሽ ጫን ብለህ ነድተህ ነዳጁን ድንገት ልቀቅ። ማርሹ ዘሎ ከወጣ ጥለሃት ሂድ።

ሻጩ ከፈቀደ ዘይቱን አውርደህ እይ። ሚያታ መሬት የምትልስ መኪና ናት፤ በክሪክ ብቻ አንስተህ ከሥሯ እንዳትገባ! አራቱንም በኩል በስታንድ አስደግፍ፣ ከዚያ በእጅህ ገፍተህ አነቃንቃት። የመሙያውን ቡሎን አስቀድመህ ፍታ፤ ዘይቱን ካፈሰስክ በኋላ እሱ እምቢ ቢልህ መኪናዋን እዚያው ትተዋታለህ። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ ቢኖር ጤና ነው። የብረት ስባሪ ካለ ጥርስ ተሰብሯል። ነሐስ ማግኔት ስለማይዘው ቢጫውን ብልጭታ ዘይቱ ውስጥ ፈልገው።

ወደ ሊዙ ስንመጣ፣ ላንተ አይሆንም። ውሉ በዓመት 10 ሺህ ማይል ቢፈቅድ፣ ላልነዳኸው 6 ሺህ ማይል እየከፈልክ መኪናዋን ለባለቤቱ ተንከባክበህ ትመልስለታለህ። ማርሚታ ልቀይር ብትል ስትመልስ የድሮውን መግጠም አለብህ። ወረቀቱ ላይ «መኒ ፋክተር» የምትባል 0.0025 የመሰለች ቁጥር ታያለህ፤ ትንሽ መስላ እንዳታታልልህ፣ በ2400 ስታባዛት 6 በመቶ ወለድ ናት። የቨርጂኒያ የመኪና ግብርም በሊዝ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አንተው ላይ ይወድቃል። በየሦስት ዓመቱ መኪና መለወጥ ለሚወድና በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ሊዝ ክፉ አይደለም።

አንተ ያገለገለ ግዛ፤ ይችን ግን አይደለም። ካምቢዮ በሙሉ የሚቀየርበትን ያህል ዋጋ ካልቀነሰልህ ተዋት። ከ2019 ወዲህ ያሉትን ፈልግ፤ ሞተሩም ከ155 ወደ 181 የፈረስ ጉልበት አድጓል፣ እስከ 7 ሺህ 500 ዙርም ይሄዳል። በእሁድ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለውን የቨርጂኒያ የተራራ መንገድ ብትወጣ ገደቡ 35 ማይል ነው፤ 105ቱን ማይል በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነው የምትጨርሰው። የታመመ ሁለተኛ ማርሽ ይዘህ እዚያ ምን ትሠራለህ?

ሌላዋን ለማየት ስትሄድ በጠዋት ሂድ። እንደደረስክ እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ፤ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አሙቋታል፣ ሌላ ቀን ተመለስ። ከሥሯ ልትገባ ካሰብክ ደግሞ ስታንዱን ከቤትህ ይዘህ ሂድ፣ የሻጩን ክሪክ አትመን።