ቁልቁለት ለሚፈሩ ልጆች

ባለፈው እሁድ ልምምድ ጨርሰን ውሃ ስንጠጣ አንዲት ልጅ ጠጋ አለችኝ። «ጋሼ፣ ዳገት ላይ ማንንም አልፈራም። ቁልቁለት ላይ ግን እጄ ፍሬኑን አልለቅ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?» አለች። የሆነ ነገር መለስኩላት። መልሴ ለራሴም አልጣመኝም። ቤት ገብቼ ሳስበው ያመሸሁት ስለ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ነው።

በአንድ ክለብ አብረን እንጋልብ ነበር። በዳገት የሚስተካከለው አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ ከለገሃር ተነስተን የቸርችልን ጎዳና ስንወጣ፣ እኛ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ስናለከልክ እሱ ማዘጋጃ ቤት ደርሶ ይጠብቀናል። አሰልጣኛችን የሚያውቀው ጉልበትና ትንፋሽ ብቻ ነው። ስለ ፍሬን አያያዝ፣ ስለ መታጠፍ፣ ዓይን የት መሆን እንዳለበት አንድም ቀን አላወራንም። ለእኛ ቁልቁለት ማለት እረፍት ነበር።

አንድ የሰኔ ማለዳ ቸርችልን ስንወርድ ካፊያ ጀመረ። ከብዙ ቀን ፀሐይ በኋላ የሚመጣ ካፊያ ክፉ ነው። አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ሲቀላቀል ሳሙና ይሆናል። ዝናቡ ሲበረታ ይታጠባል፤ የሚጥለው ያ የመጀመሪያው ጠብታ ነው። ጓደኛዬ ከፊታችን ነበር። አንድ ሰማያዊ ታክሲ ተሳፋሪ ለመጫን ድንገት ጥግ ያዘ። ደነገጠና የኋላ ፍሬኑን ጨመደደው። የኋላ ጎማው ቆመ፣ ወደ ጎን ሸሸ፣ ልጁም ሄደ። ትከሻው ተሰበረ።

አጥንቱ ጊዜውን ጠብቆ ገጠመ። እሱም ተመልሶ መጣ። ዳገቱን እንደ ድሮው ይወጣል። ቁልቁለት ሲደርስ ግን ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ይሄዳል። «ወንድ አይደለህም እንዴ? ልቀቀው በቃ!» እንለዋለን። አሰልጣኙም ያው ነው። «ና፣ ሜዳ ላይ ቀስ ብለን ፍሬን እንለማመድ» ያለው ሰው የለም። በመጨረሻ ብስክሌቱን ሸጠ። ዛሬ መርካቶ ይነግዳል፣ ደህና ነው። ስንገናኝ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን። ስለ ብስክሌት አንስተን አናውቅም።

የሚያስተምረው አልነበረም ማለቴ እንኳን ልክ አይደለም። ፒያሳ አካባቢ ብስክሌት የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቸርኬ እያቀኑ አፋቸው አያርፍም። «የሚያቆምህ የፊቱ ነው፤ የኋላው አጃቢ ነው» ይሉ ነበር። እኛ ደግሞ የፊቱን የነካ በአናቱ ይተከላል ብለን እናምናለን። ሥራቸውን እንጂ ወሬያቸውን ማን ይሰማል? ሻይ ጋብዘናቸው አንድ ሰዓት ብናስወራቸው ምን ነበረበት እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ትክክል ነበሩ። ፍሬን ስትይዙ ክብደታችሁ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፣ የኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ ቶሎ ይቆምና ይንሸራተታል። ስለዚህ ወገባችሁን ወደ ኋላ ገፋ አድርጉ፣ ክንዳችሁን አታድርቁ፣ የፊቱን ቀስ እያላችሁ አጥብቁት። በአንዴ የጨመደደው ግን በእርግጥም በአናቱ ሊተከል ይችላል፤ እዚህ ላይ የድሮ ፍርሃታችን ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። ቸርኬውን የሚይዝ የድሮ ዓይነት ፍሬን ያላችሁ ደግሞ በዝናብ ቀደም ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት። መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው የሚይዘው።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። «ኧረ!» ብሎ እስኪደነግጥ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዓይናችሁ ከፊት ጎማችሁ ላይ ይነሳ። ታክሲው ጥግ ከመያዙ በፊት ረዳቱ በመስኮት አንገቱን ያወጣል፤ እሱን እዩ። ጉድጓድ ስታዩ ጉድጓዱ ላይ አታፍጥጡ፣ ማለፊያውን ፈልጉ። ብስክሌት ዓይን ወዳለበት ይሄዳል።

መታጠፊያ ላይ ፍሬኑን ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ግራ እግራችሁ ታች ይሁን፣ ክብደታችሁን እሱ ላይ ጣሉት። ርጥብ የመንገድ ቀለምና የብረት ክዳን ላይ አትዘንበሉ። ስለ ሄልሜት አልናገርም፤ ያላደረገ እኔ ጋ አይመጣም።

የዛሬ ልጆች መሪያችሁ ላይ በምታስሩት መሣሪያ የልብ ምታችሁን ታነባላችሁ፣ የኋላችሁን ግን ዞራችሁ አታዩም። ጆሯችሁም በማዳመጫ ተደፍኗል። ብስክሌተኛችን ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ትልቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ ሁሉም የሚያወራው ስለ ዳገቱ ነበር፤ እኔ ግን እንዴት እንደሚወርድ ነበር የማየው። አዲሱ የብስክሌት መስመር በፒያሳና በአራት ኪሎ ሲሠራ ደስ ብሎኛል፣ በእኛ ጊዜ በኖረ! ግን ከመስመሩ የማይወጣ ልጅ ከሚኒባስ ጋር መግባባትን መቼ ይማራል? አይ፣ ይቅር። መስመሩ ይሻላል።

እና ለጠየቅሽኝ ልጅ። ፍርሃቱን በፍጥነት ለማባረር አትሞክሪ። መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ «መንገድ ለሰው» በሚደረግበት እሁድ በጠዋት መስቀል አደባባይ ሂጂ። ከጓደኛሽ ጋር ቀስ ብሎ የመንዳት ውድድር ግጠሙ፤ እግሩን መሬት ሳያስነካ ዘግይቶ የደረሰ ያሸንፋል። በጠመኔ መስመር አስምሪና ጎማሽን እሱ ላይ ማቆም ተለማመጂ፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ጨመር እያደረግሽ። መሪው ሳይወላገድ በግራ ትከሻሽ ወደ ኋላ ማየትን ልመጂ። ሲሰለችሽ ወደ ቸርችል ነይ፤ ትራፊክ ሳይበዛ፣ አስፋልቱ ደረቅ ሲሆን። ከታች፣ ከለገሃር አጠገብ ካለው አጭር ቁልቁለት ጀምሪ። እጅሽ ሲላላ መነሻሽን ትንሽ ወደ ላይ ውሰጂው። ማዘጋጃ ቤት ለመድረስ አትቸኩዪ፤ ክረምቱ ይለፍ።